እንጦጦ ለጠገበ ሰው፦ ወጨጫ፣ የረር ወይስ ዝቋላ?

ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሰዓት ላይ ሯጮቹ ብቻ ናቸው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ይደርሳል። ቀጥሎ ብስክሌት ተከራዩ፣ ቀጥሎ ስልኩን ዘንግ ላይ ሰክቶ ራሱን የሚቀርጸው ቲክቶከር፣ ቀጥሎ ልጁ ጠፍቶበት ስም እየጠራ የሚሮጠው አባት። አምስት ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያ የለም።

ክፋት የለውም። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስንቱን ከቤት አውጥቷል። እኔም ስንቴ ቡና ጠጥቼበታለሁ። ግን እኔ ተራራ የምወጣው ወሬ ሲሰለቸኝ ነው። ወሬው ቀድሞኝ ላይ ከደረሰ ምን ሠራሁ?

ጥቅምት ላይ ከአንድ ፎቅ ጣሪያ ወጥታችሁ ዙሪያውን እዩ። አዲስ አበባ በተራራ የታጠረች ናት። በሰሜን እንጦጦ። በምዕራብ ወጨጫ፣ ወደ ደቡብ ጎኑ ፉሪ። በደቡብ ምሥራቅ የረር። አየሩ በጣም ከጠራ ደግሞ ከሁሉም ርቆ፣ አናቱ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል አንድ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ዝቋላ ነው። በየቀኑ በመስኮት እናያቸዋለን። በእግሩ የረገጣቸው ግን ከጓደኞቼ መሃል በጣት የሚቆጠር ነው።

ወጨጫ፣ የረርና ዝቋላ ሦስቱም የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ሦስቱም ጠዋት ተነስተው ማታ ቤት የሚገቡባቸው ናቸው። ድንኳን አያስፈልግም፣ ገመድ አያስፈልግም። ግን አንዱ ሌላውን አይመስልም። "የቱን ልውጣ?" ለምትሉኝ ይኸው እንደማውቀው።

ከባሕር ወለል ሳይሆን ከታክሲ ወለል

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ሰው ተራራ ሲመርጥ ቁጥር ያያል። ወጨጫ ወደ 3,380 ሜትር። እንጦጦ 3,200 ገደማ። የረር 3,100 ገደማ። ዝቋላ 2,989። እናም "በቀላሉ እንጀምር" ብሎ ዝቋላን ወይ የረርን ይመርጣል።

እኔም እንደዚያ አድርጌያለሁ። ጉልበቴ እስከ ረቡዕ ድረስ አልማረኝም።

ያ ቁጥር የሚነግራችሁ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ነው። እናንተ ከባሕር አትነሱም። ከታክሲ ነው የምትነሱት። እንጦጦ ማርያም ድረስ በመኪና ወጥታችሁ ስትወርዱ 3,000 ሜትር አካባቢ ናችሁ። የቀራችሁ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። የረርን በዱከም በኩል ከጀመራችሁ ግን የምትነሱት ከ1,950 ሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ ከ1,100 ሜትር በላይ። ዝቋላም ከሥሩ ካለው ሜዳ ሺህ ሜትር ገደማ ቀጥ ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው ወጨጫ ደግሞ መነሻው ራሱ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በሱባ ጫካ በኩል ከገባችሁ ከሁለቱ ያነሰ ነው የሚያስወጣችሁ።

ሺህ ሜትር ስንት ነው? ሠንጋ ተራ አካባቢ ያለውን የንግድ ባንክን አዲሱን ሕንፃ አስቡት። 209 ሜትር ነው። አንዱን በሌላው ላይ አምስት ጊዜ ደርድሩና በደረጃ ውጡት። ሊፍት የለም። መብራትም ጠፍቷል እንበል።

ስለዚህ ከእግር አንጻር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ቀላሉ እንጦጦ፣ ቀጥሎ ወጨጫ፣ ከዚያ ዝቋላ፣ ከባዱ የረር። ለዝቋላና ለየረር የምትከፍሉት ሌላም ነገር አለ፤ ሙቀቱ። ከታች ያለው አገር የቢሾፍቱ አየር ነው እንጂ የአዲስ አበባ አይደለም።

የረር፦ ዝምታ የምትፈልጉ

ከሁሉም ይልቅ ሰው የማይሄድበት የረር ነው። ከቦሌ ጀምሮ ምሥራቁን ሁሉ ሸፍኖ የቆመ ተራራ ነው። ግን "የረር" ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የረር በር ሠፈር ነው። የጂኦሎጂ ሰዎች ከዚህ ተነስቶ በምዕራብ በኩል እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል ተራራ የሚዘልቀውን የእሳተ ገሞራ መስመር በስሙ ይጠሩታል። እኛ ግን የታክሲ መጨረሻ አደረግነው።

መጀመሪያ የወጣሁት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው፤ በኅዳር። ሦስት ስህተት ሠራን። ቁጥሩን አይተን ናቅነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተነሳነው። ውሃ ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ነበር የያዝነው።

ታችኛው ክፍል ማሳ ነው። የአድአ ጤፍ አገር ነው፤ በኅዳር አጨዳው ላይ ትደርሳላችሁ። በማሳው ድንበር ድንበር ነው የሚኬደው። እዚህ ጋ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ከማሳው በላይ ቁጥቋጦና ድንጋይ ይጀምራል። ዳገቱ ከዚያ በኋላ ምሕረት የለውም። ተራራው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ደረስን ስትሉ ከኋላው ሌላ ጉብታ ብቅ ይላል። እሱን ጨረስን ስትሉ ሌላ። ጓደኛዬ በሦስተኛው ላይ ተቀመጠና "እኔ እዚሁ ነኝ፣ አንተ ሄደህ ንገረኝ" አለ።

በዚያው ሰዓት አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ያንኑ ዳገት እየሮጠ ወጣ። ቆም ብሎ አየን። ላባችንን አየ፣ ቦርሳችንን አየ። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ጓደኛዬ ሳቀ። "ከብት ጠፍቶባቸው ነው ወይ ይላል" አለኝ። ሌላ ምን ምክንያት ሊኖር ይችላል? ጤነኛ ሰው ያለ ምክንያት እዚያ አይወጣም።

ልጁ በሌላ መንገድ መራን። እኛ ቀጥ ብለን ስንታገል፣ የከብቶቹ መንገድ ጎኑን ይዞ እየተጠማዘዘ ይወጣል ለካ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ይህ ነው። ምልክት ያለው መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ የከብት መንገድ ተከተሉ። ከብት ለዳገት ሞኝ አይደለም።

አናቱ ላይ ሰባት ሰዓት ደረስን። በደቡብ ዝቋላ ፊት ለፊት ነው። ከሥሩ የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ማታ የዘነበ ዝናብ ያቆራቸው ኩሬ ይመስላሉ። በምዕራብ ከተማው አለ። አዲስ አበባ ከዚያ ላይ ስትታይ ድምፅ የላትም። አቧራና ቆርቆሮ ብቻ ናት። የምትሰሙት ነፋስ፣ ቁራ፣ ከታች የሚጣራ እረኛና አልፎ አልፎ ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ከልጁ ሌላ ሰው አላየንም።

ከዚያ ውሃው አለቀ። ቁልቁለቱ ጣት ይገነጥላል። የጫማችሁ ጥፍር በኩል ጠበብ ካለ በየረር ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ከታች "እጠብቃችኋለሁ" ብሎ ቀብድ የወሰደው ባለ መኪና ደግሞ የለም። ስልኩም አይነሳም። እስከ አስፋልቱ በእግር፣ በጨለማ።

የረር የሚሆነው ቢያንስ ሁለት ሌላ ተራራ ወጥቶ ጉልበቱን ለሚያውቅ ሰው ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ። ጠዋት በ12 ሰዓት ተነሱ። ሙሉውን አልፈልግም የምትሉ፣ በሰሜኑ በኩል ከአዲስ አበባ ጫፍ መነሳት ይቻላል። መነሻው ከፍ ስለሚል ጥቂት መቶ ሜትር ትቆጥባላችሁ። ግን መንገዱ ይረዝማል፤ የደቡቡ እይታም እስከ መጨረሻው ተደብቆ ይቆያል። ለእኔ የዱከሙ ይሻላል።

ወጨጫ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ

"አንዱን ብቻ ምረጥልኝ" ብትሉኝ ወጨጫን እሰጣችኋለሁ። የማስብበትም አይደለም።

ምክንያቱ ጫካው ነው። በተራራው ደቡብ ምዕራብ ጎን መናገሻ ሱባ የሚባለው ደን አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። እንግዲህ አስቡት። እንጦጦ ላይ የምታዩት ባሕር ዛፍ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። እንጨቱ አልቆ፣ ከተማውን ጥሎ ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። የአዲስ አበባን ነፍስ ያተረፈው ባሕር ዛፍ ነው፤ አልረሳውም። ግን ለእግረኛ ሁለቱ ጫካ አንድ አይደለም። ከባሕር ዛፍ ሥር ብዙ ነገር አይበቅልም። መሬቱ ደረቅ ነው፤ ቅጠሉና ቅርፊቱ ያንሸራትታል። ሽታው ደስ ይላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ዛፍ አንድ ነው። ወጨጫ ላይ እግራችሁ ስፖንጅ የረገጠ ያህል ይሰምጣል። ድንጋዩ ሽበት አብቅሏል።

ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ዛፉ ይቀያየራል፤ ያለ ስልክ ከፍታችሁን በዛፍ ማወቅ ትችላላችሁ። ከታች ጽድና ዝግባ ነው፤ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ጽድ አለ። መሃል ላይ ወይራ ይቀላቀላል። ከዚያ ቀላ ያለ፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ ስታዩ ኮሶ ላይ ደርሳችኋል። እናቴ ስሙን ስትሰማ እስከ ዛሬ ፊቷ ይጨማደዳል። በልጅነቷ በየሁለት ወሩ ያጠጧት ነበር። እኔ ግን ዛፉን አቅፌ ፎቶ ተነስቼ ላክሁላት። "እሱን ብሎ ወዳጅ" አለችኝ። ከኮሶው በላይ ዛፉ ያጥርና አስታው ይመጣል፤ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንዱ የተጣመመ። አስታውን ስታዩ ጃኬታችሁን አውጡ። ነፋሱ ከዚያ ጀምሮ የእናንተ ነው።

በጠዋት ከገባችሁ ጉሬዛ ትሰማላችሁ። ድምፁን የማያውቅ ሰው ሞተር ሳይክል አልነሳ ብሎ የሚያንኮራኩር ይመስለዋል። ቀና ስትሉ ነጩ ጭራ ተንጠልጥሏል። የምኒልክ ድኩላም አለ። እሱን ለማየት ግን አፍ መዝጋት ነው። እኛ አምስት ሆነን የሄድን ቀን አንድም አላየንም። ሁለት ሆነን የሄድን ቀን፣ መንገዱ መሃል ላይ ቆሞ ጆሮውን እያወዛወዘ አየን። ምናልባት ለአሥር ሰከንድ። ከዚያ ቅጠል ሳይነካ ጠፋ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቁምጣ አትልበሱ። ሳማ አለ። ብዙ ሳማ። "ትንሽ ነው" ብዬ በቁምጣ ገብቼ እስከ ማታ እግሬን ሳክ ዋልኩ። ከጫካው ጠባቂዎች አንዱ አይቶኝ ምንም አላለም፤ ሱሪውን ብቻ ዝቅ አድርጎ ካልሲው ውስጥ ከተተው። ገባኝ።

እዚህ ጋ "ሱባ እኮ ሰው ይበዛል" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ቢሮው አካባቢ ያለው ሜዳ እሁድ እሁድ ሥጋ ጠባሽና ስፒከር ይዞ የሚመጣ አለው። ግን ያ ሰው ከመኪናው ከመቶ ሜትር በላይ አይርቅም። ሽቅብ ግማሽ ሰዓት ሂዱ፤ ያበቃል። ወደ አናቱ የሚቀጥለው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ወጨጫን ሰው የማያውቀው ተራራ ነው የምለውም በዚህ ነው። ጫካውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከጫካው በላይ ተራራ እንዳለ ግን ማንም አይጠይቅም።

አናቱ በእይታ ከየረር ያንሳል። እውነቱን ልናገር። በምዕራብ የሆለታ ሜዳ፣ በምሥራቅ ከተማው፣ ከሥራችሁ ፉሪ። ጉም ካለ ምንም። ዱር ነው ብላችሁም አትጠብቁ፤ በግ የሚጠብቅ ልጅ አለ። ግን ወጨጫን የሚወጣ ሰው ለአናቱ ብሎ አይደለም። መንገዱ ራሱ ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከአየር ጤና እስከ ሰበታ ታክሲ አለ። ከሰበታ ወደ ሱባ ያለው ኮረኮንች ነው። ቪትዝ ይዛችሁ አትሞክሩት፤ በተለይ ከዝናብ በኋላ። ቢሮው ጋ ከፍላችሁ፣ አናቱን ማየት እንደምትፈልጉ ነግራችሁ፣ መንገድ የሚያሳይ ሰው ያዙ። ጫካው ውስጥ መንገዱ ይከፋፈላል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ያደገበትም ሰው ያመነታል።

ዝቋላ፦ እንግዳ ሆናችሁ የምትሄዱበት

ስለ ዝቋላ ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ተራራ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ከቢሾፍቱ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጤፍ ማሳ መሃል አቧራ እየጠጣችሁ ወንበር ማርያም ትደርሳላችሁ። ከዚያ ሽቅብ ነው። በበጋ ጠንካራ መኪና የሚወጣበት መንገድ አለ። በእግር የሚወጣ ሦስት ሰዓት ቢመድብ ጥሩ ነው። ዳገቱ እንደ የረር ጨካኝ አይደለም። መንገዱን ተሳላሚው ለዘመናት ረግጦ አስተካክሎታል። መምረጫው ይህ ከሆነ ከየረር ይልቅ ዝቋላ ይሻላል፤ አትጠፉም።

ሌላው ተራራ አናቱ ላይ ያበቃል። ዝቋላ አናቱ ላይ ይጀምራል። አፋፉ ላይ ስትደርሱ ከፊታችሁ ወደ ታች የሚወርድ ሌላ አገር አለ። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ክብ ጎድጓዳ፣ ዙሪያው ጽድ፣ መሃሉ ሐይቅ። እዚያ ነው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለው። ከግብፅ መጥተው ከስሳ አንበሳና ከስሳ ነብር ጋር የኖሩት አባት። በየቤቱ ሥዕላቸው አለና ታሪኩን መድገም አያስፈልግም። ሐይቁ ለክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን በቀደመው የኦሮሞ እምነት ለሚሄደውም የተከበረ ነው።

እዚያ ዝምታ አለ። ግን የእናንተ አይደለም፤ የገዳሙ ነው። የየረርን ዝምታ እንደፈለጋችሁ ትሆኑበታላችሁ፤ ትጮኹበታላችሁም። እዚህ ግን ሰው ቤት ናችሁ። ሐይቁ ውስጥ አይገባም። ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቃል። እሳት በፍጹም አይለኮስም። ያ ደን ከአንድም ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ፣ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተረባርቦበታል። ነጠላ ያዙ፤ ለብርዱም ለአክብሮቱም ይሆናል። ቀኑ ጾም ከሆነ ሳንድዊቻችሁን አፋፉ ላይ ጨርሳችሁ ግቡ።

ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 በዓሉ ነው። ያኔ ሕዝቡ ተራራውን ይሸፍነዋል። ብቻውን መሆን የሚፈልግ ሰው በነዚያ ቀናት አይሂድ። ሰው ማየት የሚፈልግ ግን በነዚያ ቀናት ይሂድ። አንዲት ሰማንያ የሚሆናቸው እናት በባዶ እግራቸው፣ በሶ በጨርቅ ቋጥረው ሲወጡ አይቼ፣ እኔ ያንን ሁሉ ብር አውጥቼ በገዛሁት ጫማ አፍሬአለሁ። "ልሸከምልዎት እማማ?" ብላቸው፣ "አንተን ማን ይሸከምሃል?" አሉኝ። ልክ ነበሩ። በዚያ ሰዓት ምላሴ ወጥቶ ነበር።

ከባዱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የገዳሙ አባቶች ተገድለዋል። ወደ ዝቋላ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት፣ ባለፈው ዓመት የሄደ ጓደኛውን ሳይሆን፣ በዚያው ሳምንት ቢሾፍቱ ያለ ሰው ይጠይቅ። ትንሽ የሚያቅማማ መልስ ከሰማ ይቅርበት። ይህ ለየረርና ለወጨጫም ይሠራል። የጸጥታው ነገር ከወር ወር ይለያያል። መታወቂያ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ድሮን ቤት ይቅር፤ ያለ ፈቃድ ራሱ አይቻልም። የረር ላይ ሆናችሁም ካሜራችሁን የቢሾፍቱ አየር ኃይል ወዳለበት አታነጣጥሩ።

የቀሩት

ፉሪን ለምን ተውከው ትሉኛላችሁ። ከተማው ሥሩ ደርሶበታል። ከጀሞ ወይ ከለቡ ለሚነሳ ሰው ለጠዋት ስፖርት ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን አልመክረውም። በሆለታ መንገድ ያለችው ትንሿ የመናገሻ ተራራ ደግሞ ታሪኳ ከቁመቷ ይበልጣል። ስሟ ራሱ የነገሥታት መንገሻ ነበረች ይላል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከወጨጫ በፊት እሷን አስለምዷቸው።

እንጦጦንም አላባረርኩትም። ከአሜሪካ ወይ ከዱባይ ዘመድ መጥቶ "ተራራ ውሰደኝ" ካላችሁ መጀመሪያ እንጦጦ ውሰዱት። ከባሕር ዳርቻ ከተማ በአንድ ሌሊት 2,300 ሜትር ላይ ያረፈ ሰው ነው። ሦስተኛው ቀን ሳይሞላ ወጨጫ ብታወጡት ራስ ምታት ይዞት ይመለሳል፣ ጥፋቱም የእናንተ ይሆናል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን አሳዩት፤ እንጨት ተሸክመው ዳገቱን የሚወርዱትን እናቶች ይይ። ከዚያ በሳምንቱ ሱባ።

መቼ፣ ምን ይዞ

ወሩ ከተራራው እኩል ይመረጣል። ለሦስቱም ጥቅምትና ኅዳር ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ አየሩ ጠርቷል። መስከረም ለአደይ አበባው ብሎ የሚሄድ አለ፤ አልፈርድበትም። ግን ወደ የረርና ወደ ዝቋላ የሚወስደው ታችኛው መሬት ዋልካ ነው። ዝናብ የነካው ዋልካ ጫማ ላይ ይለጠፋል፤ ከሃያ እርምጃ በኋላ እያንዳንዱ እግር ሁለት ኪሎ ነው። በእንጨት እየፋቃችሁ ትሄዳላችሁ። ክረምት ላይ መሄድ ግድ ከሆነ ወጨጫ ይሻላል፤ ጫካው ያስጠልላል። እሱም ቢሆን ከሰባት ሰዓት በኋላ መብረቅ አለና ቀድማችሁ ውረዱ። ከየካቲት በኋላ ደግሞ ጭጋጉና አቧራው እይታውን ይበላዋል፤ ለየረር ያን ጊዜ አልለፋም።

ምግብ ላይ ብዙ አታስቡ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ። በሶ በጥብጦ በጆግ የያዘ ሰው ከሁላችን ቀድሞ ሲወጣ አይቻለሁ። ቆሎው በዛ ያለ ይሁን፤ መንገድ ላይ የምታገኟቸው እረኞች ድርሻ አላቸው።

ውሻ ነገር። ከሦስቱም ተራራ ሥር ቤት አለ፣ ቤት ባለበት ውሻ አለ። አትሩጡ። ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ ያነሳችሁ ምሰሉ። ድንጋዩ ባይኖርም ይሠራል። ዱላ መያዝም ጥሩ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሦስተኛ እግር ይሆናል።

ሦስቱም ኦሮምኛ ተናጋሪ አገር ናቸው። አምስት ቃል መያዝ በር ይከፍታል። "አከም ጅርቱ" ብሎ ሰላምታ። ሽማግሌውን "ኦቦ"፣ እናትዬዋን "አዴ"። መንገድ ሲያሳዩ "ገለቶማ"። ማሳ ሳታቋርጡ በፊት ባለቤቱን በዓይን ፈልጉ፣ ከሩቅ እጅ አንሱ። አንዴ ዱከም በኩል ሳላነሳ ገብቼ፣ አንድ አባት ከማዶ ሆነው ያሰሙኝን ነገር ጓደኛዬ እስካሁን አልተረጎመልኝም።

መመለሻውን ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱ። በአገራችን ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት አካባቢ ይመሻል፤ ምሽቱ ደግሞ ቶሎ ነው የሚወርደው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ወደ ታች ዙሩ፣ አናቱ ሃምሳ ሜትር ቢቀርም። ለባለ መኪናው ሙሉውን ገንዘብ ጠዋት አትስጡት። ቀብዱንም ቢሆን አስቡበት።